ፍንዳታው ይቆይህ፣ መጀመሪያ ኩባያ አስቀምጥ

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች ስለ ሙያዬ፣ ስለ ፊልም ቪዥዋል ኢፌክት (የፊልም ምስልን በኮምፒውተር መሥራትና መለወጥ) ናቸው። አሳጥሬ አቅርቤያቸዋለሁ።

ሥዕል አልችልም። ይህ ሥራ ለእኔ ይሆናል?

ይሆናል። እርሳስ ይዘው የማያውቁ ጎበዝ ኮምፖዚተሮች (የተለያዩ ምስሎችን አዋህደው አንድ የሚያደርጉ ባለሙያዎች) አብረውኝ ይሠራሉ።

አንድ አንባቢ አምስት ሶፍትዌር ዘርዝሮ «በየቱ ልጀምር?» ይላል።

በአንዱ ጀምርና አትልቀቀው። ብሌንደር የሚባለው የ3D ምስል መሥሪያ ሶፍትዌር በነፃ ይወርዳል፤ ኮዱም ከ2002 ጀምሮ ክፍት ነው። ስቱዲዮዎች ለኮምፖዚቲንግ ኑክን፣ ለጭስ፣ ለእሳትና ለውሃ ደግሞ ሁዲኒን ይጠቀማሉ። ሁለቱም ነፃ የመማሪያ ቅጂ አላቸው፤ ገንዘብ የሚከፈልበት ሥራ ግን አይሠራበትም። ወር ሳይሞላህ ከአንዱ ወደ ሌላው ከዘለልክ አንዱንም አታውቀውም።

አንዲት እናት የ16 ዓመት ልጃቸው «ፊልም ላይ ስለምሠራ ሒሳብ አያስፈልገኝም» እንዳለቻቸው ጽፈዋል።

ያስፈልጋታል። ኮምፒውተር ውስጥ አንድን ነገር ማዞር ማትሪክስ ነው። ብርሃን ከገጽ ላይ እንዴት እንደሚንጸባረቅ ማስላት ቬክተር ነው። ይህን ይንገሯትና ደብተሯን ትክፈት። ስለ ትምህርት ቤት ምርጫ አማካሪ ያነጋግሩ።

«ሪሌ (የሥራ ናሙናዎቼን የሰበሰብኩበት አጭር ቪዲዮ) ላይ ፍንዳታ፣ የሚፈርስ ሕንፃና የጠፈር መርከብ አለ። ለብዙ ስቱዲዮ ላክሁ፤ አንድም መልስ የለም። ዘመድ ከሌለኝ አልገባም ማለት ነው?»

ሪልህን አየሁት። ፍንዳታው ከቱቶሪያል (ከማስተማሪያ ቪዲዮ) የተወሰደ ነው፤ ያንኑ ፍንዳታ በሌሎች አመልካቾች ሪል ላይም አይቼዋለሁ። መልስ ያጣኸው ዘመድ ስለሌለህ አይመስለኝም። ያንተ ዓይን ምን እንደሚያይ ሪልህ አላሳየም።

አብዛኛው ሥራችን ተመልካች እንዳያውቀው የሚሠራ ነው። አደገኛ ትርዒት የሚሠራውን ሰው የያዘውን የስታንት ሽቦ እናጠፋለን፣ ከመስኮት ውጭ ያለውን ሰማይ እንቀይራለን። ጀማሪም ብዙ ጊዜ የሚገባው በዚህ በር ነው፤ በሮቶ፣ በጽዳት (ያልተፈለገን ነገር ከምስሉ በማጥፋት)፣ በማችሙቭ (የካሜራውን እንቅስቃሴ ኮምፒውተር ውስጥ በመድገም)። እኔም በሮቶ ነው የጀመርኩት። ሮቶ የተዋናይን ጠርዝ በየፍሬሙ፣ ማለትም ቪዲዮው በተሠራባቸው ነጠላ ምስሎች ሁሉ ላይ፣ መከታተል ማለት ነው። ሱፐርቫይዘሬ ስለ ፀጉር ጫፍ አንዱን ሾት (አንድ ተከታታይ ቀረጻ) ደጋግማ መለሰችብኝ። ያኔ ተናድጄ ነበር። ዓይኔ የተገራው ግን ያኔ ነው።

ስለዚህ ይህን ሥራልኝ። ጠረጴዛ ላይ እውነተኛ ኩባያ አስቀምጠህ በስልክህ ቅረጽ። ኩባያውን አንሳና በዚያው ብርሃን ባዶውን ጠረጴዛ አምስት ሰከንድ ቅረጽ፤ በሰከንድ 24 ፍሬም ከሆነ 120 ፍሬም ነው። ባዶው ጠረጴዛ ላይ የራስህን ኩባያ በኮምፒውተር ሠርተህ አስቀምጥ። ሲንሸራተት ካየህ ትራክህ (የካሜራውን እንቅስቃሴ የተከታተልክበት) ልክ አይደለም። ጠረጴዛውን በሚነካበት ቦታ ቀጭን ጥላ ከሌለው ይንሳፈፋል። ቪዲዮው ውስጥ ያለው ጥቁር ድፍን ጥቁር አይደለም፤ ያንተ ኩባያ ከሱ ከጠቆረ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። ጠርዙ ከሌላው ምስል በላይ ከጠራ ወይም የካሜራው ግሬይን (የምስሉ ጥቃቅን ነጠብጣብ) እሱ ላይ ከሌለም ያው ነው። ሁሉንም ከእውነተኛው ኩባያ ጋር እያስተያየህ አስተካክል። ከዚያ ሁለቱን ቪዲዮ ለማያውቅ ሰው አሳይና «የቱ ነው የውሸቱ?» ብለህ ጠይቀው። ግራ ከገባው ያንን ሾት ሪልህ መጀመሪያ ላይ አድርገው። እኔ ብሆን ከጠፈር መርከቡ በፊት እሱን የሠራውን ሰው እጠራለሁ።

ከቡድን ጋር የተሠራ ሾት ካለህ የአንተን ድርሻ ብቻ ለይተህ ጻፍ። ሪልህን የሚያየው ሰው ሾቱን የሠራው ራሱ ሊሆን ይችላል።

«በቀን 14 ሰዓት እሠራለሁ። አውራ ጣቴና ሁለት ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። የቱን ማውዝ ልግዛ?»

ማውዙን ተዪውና ሐኪም ዘንድ ሂጂ። በዚህ ሳምንት። እንዲህ ያለ መደንዘዝ የእጅ አንጓ ላይ ነርቭ ሲጨፈለቅ ሊመጣ ይችላል፤ ሲቆይ የአውራ ጣት ጡንቻ ይሰልላል። ችላ ብሎ እስክሪብቶ መያዝ ያቃተው ባልደረባ አለኝ። እስክትታዪ ድረስ ሰዓቱን ቀንሺ። ምን እንዳሉሽም ጻፊልኝ።

ለስቱዲዮ ፊልም የሠራሁትን ሾት ሪሌ ላይ ላሳይ?

ፊልሙ ሳይወጣ በፍጹም። ከወጣም በኋላ ስቱዲዮውን አስፈቅድ። ውሉ ካልገባህ ጠበቃ ያንብብልህ።

ሪል ስንት ደቂቃ ይሁን?

አንድ ደቂቃ ይበቃል። ሙዚቃ በመምረጥ ጊዜሽን አትጨርሺ፤ ብዙ ጊዜ ድምፁን አጥፍተን ነው የምናየው።