መልስ፦ ልጄ ይደበድባል፣ ተደብድቦም ይመጣል፣ እንዴት ሁለቱም?
እህቴ፣ የ14 ዓመት ልጄ እኩዮቹን ይደበድባል ደሞ እሱም ተደብድቦ ይመጣል፣ እንዴት ነው ሁለቱ አንድ ልጅ ላይ የሚሆነው ላልሽው፣ በጣም የተለመደ ነገር ነው፣ ብዙ ጊዜ የሁለቱም ስር አንድ ነው። ራሱን መቆጣጠር የሚከብደው ልጅ ንዴቱን ሳያስብ ያወጣዋል፣ በዛው ልክ ደሞ አደጋ አይታየውም፣ ከማን ጋር እንደሚውል አይመርጥም፣ ከሱ የሚበረታውን ይተነኩሳል፣ በቃ መቺም ተመቺም ይሆናል። ጎትፍሬድሰንና ሂርሺ የሚባሉ ምሁራን በፈረንጆች 1990 ላይ ራስን መግዛት በዋናነት ከቤት ነው የሚመጣው አሉ፣ ወላጅ ሲከታተል፣ ጥፋቱን ሲያይና ሲያርም። በ1999 ደሞ ሽሬክ የሚባል ተመራማሪ ይሄንኑ ሀሳብ ተጠቂ ወደሚሆኑት ወሰደው፣ ራሱን መግዛት የሚከብደው ሰው ተጠቂም የመሆን እድሉ ይጨምራል አለ።

ግን ክትትል ማለት ስልኩን መበርበር አይደለም እባክሽ! ወላጅ ስለ ልጁ ውሎ አብዛኛውን የሚያውቀው ልጁ ራሱ ሲነግረው ነው፣ እሱ ደሞ ቅርርብ ካለ ነው የሚነግረው። ተደብድቦ ሲመጣ መጀመሪያ "ምን አርገህ ነው?" ከተባለ ሁለተኛ አያወራሽም። በንዴት ከመታሽው ደሞ ንዴት በዱላ እንደሚወጣ ነው የሚማረው።

ጥፋቱ ሁሉ ያንቺ ነው እያልኩሽ አይደለም፣ የጓደኛም የተፈጥሮ ባህሪም ድርሻ አለው፣ ስሜትን የሚገታው የአእምሮ ክፍልም እስከ 20ዎቹ አጋማሽ እየበሰለ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ አልረፈደም። በሚቀጥለው ጊዜ ቁስሉን እያጠብሽለት ዝም ብለሽ ስሚው፣ ስለ ጥፋቱ በነጋታው ስትረጋጉ አውሩ። ዛቻ ወይ ተደጋጋሚ ድብደባ ካለ ግን ሳትጠብቂ ትምህርት ቤቱን አናግሪ።