አያታችሁን ፎቶ አንስታችሁ ብቻ አትመለሱ

ልጆቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ልጆቼ የምላችሁ በዕድሜ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ሙያዬ ጨርቃ ጨርቅ ነበር፤ ከብርድ ልብስ ማሽኖች ጋር ስጮህ ኖሬ አሁን ጆሮዬ ትንሽ ከበድ ብሏል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ፋብሪካ አይደለም። ስለ ሴት አያቴ ነው፤ በእሷ በኩል ደግሞ ስለ እናንተ አያቶች።

በዓል በደረሰ ቁጥር ስልኬ ላይ አያችኋለሁ። ሀገር ቤት ትሄዳላችሁ፣ አያታችሁን ሰፌድ አስይዛችሁ በር ላይ ታቆማላችሁ፣ "ሳቅ በይ እንጂ" ትሏታላችሁ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ልብ ለጥፋችሁ ትለቁታላችሁ። ደስ ይላል፤ እኔም ላይክ አደርጋለሁ። ግን ያንን ሰፌድ ማን ሰፋው? የስፌቱ ሣር፣ ስንደዶው፣ መቼ ተለቀመ? በላዩ የሚጠመጠመው ሌላው ሣር፣ አክርማው፣ ለምን ውሃ ውስጥ ተነከረ? ይህን የሚጠይቅ ልጅ እምብዛም አላጋጠመኝም። የምለምናችሁም ይህንኑ ነው፦ የአያታችሁን ሥራ እንደ ጌጥ አትዩት። ሙያ ነው። ሙያ ደግሞ አጠገቡ ቁጭ ብለው፣ እጅን አቆሽሸው ነው የሚማሩት።

የእኔ አያት፣ እምዬ የምንላት፣ ሰሜን ሸዋ ደጋ፣ መንዝ ነው የኖረችው። ብርዱን የቀመሰ ያውቀዋል። ሌሊት ውርጭ ይወርድና አንዳንድ ዓመት የደረሰውን ገብስ ቆሞ ሳለ ያቃጥለዋል። እህል ከድቶ ሲገኝ የሚይዙት በጉን ነው። የመንዝ በግ አጠር ያለ፣ ላቱ የሰባ፣ ጠጉሩ ሻካራ ነው። ያ ጠጉር ለሹራብ አይመችም፤ አንገት ይበላል። ከሱፍ ለሚሠራው ብርድ ልብስ ለባናና ለዝተት፣ ለካባውም ለበርኖስ ግን ምን ይወጣለታል! እምዬ ይህን ከማንም አስተማሪ አልሰማችም፤ በጣቷ ነው የምታውቀው።

በጎቹ ሲሸለቱ ጠጉሩን ወዲያው በቀለም ትለየዋለች። ጥቁሩ ለብቻ፣ ቡናማው ለብቻ፣ ነጩ ለብቻ። ማቅለሚያ የለም፣ ቀለሙ የበጉ ነው፤ ስለዚህ መለየቱ ላይ የተሳሳተ ሰው ባናው ላይ ዝንጉርጉር ይዞ ይቀራል። ከዚያ ወንዝ ወርዶ ይታጠባል፣ ድንጋይ ላይ ይሰጣል፣ እሾህና ጭንጎጎቱ አንድ በአንድ ይለቀማል፣ በእጅ እየተፈታ ይባዘታል፣ ከዚያ በኋላ ነው እንዝርት የሚነሣው። ፋብሪካ ውስጥ እነዚህ ሁሉ የየራሳቸው ክፍል አላቸው፣ የየራሳቸው ኃላፊ፣ አንዳንዴም የየራሳቸው ጠብ። እሷ ብቻዋን፣ ያውም ወጥ እያማሰለች ትሠራዋለች።

አንድ ነገር ላሳያችሁ፣ ሙያተኛ መሆኗ የገባኝ በዚህ ነውና። ክር ሲፈተል ጥምዙ ወሳኝ ነው። ብዙ ከተጠመዘዘ ይደርቃል፣ ትንሽ ከሆነ ይበጠሳል። ድር፣ ማለት በቁመት የሚዘረጋው ክር፣ ሸማ ዕቃው ላይ ተወጥሮ ስለሚጎተትና ስለሚፋተግ ጠንከር ያለ ጥምዝ ይፈልጋል፤ በአግድም የሚገባው ማጉ ላላ ቢል ጨርቁ ይለሰልሳል፣ ይሞቃልም። እኛ ፋብሪካ ውስጥ ይህን የምንለካበት መሣሪያ ነበረን፦ የታወቀ ርዝመት ያለው ክር ይዞ ወደ ኋላ እየፈታ ስንት ጊዜ እንደተጠመዘዘ ይቆጥራል። እምዬ ደግሞ የፈተለችውን ክር በሁለት እጇ ትይዝና ትንሽ ታላላዋለች። ክሩ ወዲያው በራሱ ላይ ተጠቅልሎ ከተቆለፈ "ይሄ ለድር ነው" ትላለች፤ ዘገም ብሎ ከሆነ ወደ ማጉ ልቃቂት ይሄዳል። የሁለቱም መንገድ መሠረቱ አንድ ነው። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" የሚለውን ሁላችንም እንተርታለን፤ ድር የፈተለው ግን ከመካከላችን ስንቱ ነው?

ጥጥም ትፈትል ነበር። ጥጡ ከቆላ በአህያ ተጭኖ ገበያ ይወጣል፤ ከደጋ ደግሞ ገብስና በግ ይወርዳል። ፍሬው በመዳመጫ ይወጣል፣ ጥጡ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል፣ ከዚያ ይፈተላል። ሸማኔው የሚያወጣው ጨርቅ ጠባብ ስለሆነ ጎን ለጎን ይሰፋል። ዛሬ አብዛኛው ጋቢና ነጠላ ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ በእጅ የሚፈተለው ማጉ ብቻ ሆኗል። እኔ በዚህ አልቆዝምም። የሚያደክመውን ማሽን ሲወስደው የሚያሞቀው ለእጅ ቀረ፤ ጥሩ ስምምነት ነው።

ስለ ተፈጥሮም ላንሣ፣ ምክንያቱም ስለ ገጠር ሲወራ ተፈጥሮ ሁልጊዜ እንደ ሥዕል ነው የሚቀርበው። እምዬ ተራራውን ቁማ ስታደንቅ አይቻት አላውቅም። ተራራው ላይ ግን የጓሳ ሣር አለ። ቤቷ የተከደነው በእሱ ነው፣ ገመዱ ከእሱ ነው፣ እረኛ በዝናብ የሚለብሰው ገሳም ከእሱ ነው። ያ ሣር እንዴት ሳያልቅ ቆየ? በሥርዓት። መንዝ ውስጥ ቀሮ የሚባል ደንብ ነበረ፤ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲወርድ የመጣ ነው ይባላል። ሕዝቡ አባ ቀራ የሚባል አለቃ ይመርጣል፣ ሜዳው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋል፣ ማንም አያጭድም፣ ከብት አያስገባም፤ ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈትና ክረምቱ ሲገባ ተመልሶ ይዘጋል። ጠባቂ አለው፣ ቅጣትም አለው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ሲመጣ ከድሮው የርስት ሥርዓት ጋር ቀሮም ፈረሰ፣ ሣሩም ተጎዳ። በኋላ ነዋሪው በሌላ መልክ መልሶ አቋቋመው፤ ዛሬ የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው፣ ቀይ ቀበሮውንና ጭላዳውን ለማየት ከሩቅ የሚመጣ አለ። ተፈጥሮ ጥበቃን ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ ካላችሁ፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ርዕስ ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ። ቤቷን በጓሳ የከደነች አሮጊት ብታገኙ፣ ክዳኑ ስንት ዓመት እንደሚቆይና ሣሩ ሳይደርስ ከታጨደ ምን እንደሚሆን ትነግራችኋለች።

አሁን ደግሞ ሌላውን ወገን ልናገር፣ አለዚያ ውሸታም እሆናለሁ። ያ ኑሮ ከባድ ነበር። ዶሮ ሳይጮህ ተነሥቶ በድንጋይ ወፍጮ ተንበርክኮ መፍጨት፣ ገደል ወርዶ ውሃ ቀድቶ መውጣት፣ በረት መጥረግ፣ ኩበት መለጠፍ፣ በጭስ መታፈን። የሞተር ወፍጮ ሰፈሩ ሲገባ እምዬ እልል ነው ያለችው። የእጅ መፍጫ ድንጋዩን፣ መጁን፣ ጥግ አስቀመጠችው፣ አንድም ቀን ናፈቀኝ ስትል አልሰማኋትም። የድንጋይ ወፍጮ ዱቄት እንዴት ይጣፍጥ ነበር እያለ ከተማ ቁጭ ብሎ የሚተርክ ሰው ባየሁ ቁጥር፣ አንድ ቁና ገብስ ሰጥቼ ፍጭ ልለው ያምረኛል። እኔን ትምህርት ቤት ያስገባችኝም እሷ ናት። "ይቺ ልጅ እንደኔ አትጎብጥም" ብላ ከወንዶቹ ሁሉ ጋር ተከራክራ። ስለዚህ ወደ ድሮው ኑሮ ተመለሱ አልላችሁም። ጉልበት የሚጨርሰውን ተዉት። አያቶቻችሁ የያዙት እውቀት ግን አብሮ አይጣል።

እውቀቱ የተጣለበት ምክንያት ደግሞ ዘመናዊነት ብቻ አይደለም፣ ንቀት ነው። ባለ እጅን የመስደብ ልማዳችን የቆየ ነው። በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ይህን የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረዋል፦ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ፣ ቆዳ የሚፍቀውን ፋቂ እያላችሁ አትስደቡ የሚል። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። ስድቡ ቀነሰ፣ ንቀቱ ግን መልኩን ቀይሮ አለ። ሳምንታት የተፈተለበትን ጋቢ ገበያ ላይ "በዚህ ዋጋ? አትቀልዱ!" የምንል እኛው ነን፤ ከዚያው ወጥተን ካፌ ገብተን ለኬክ የምንከፍለውን አንቆጥርም። ሸክላ ሠሪዋንማ አታንሷት፤ ጀበናዋን እየወደድን እሷን ያገለልን ሰዎች ነን።

እና ምን እናድርግ ትሉኝ ይሆናል።

መጀመሪያ፣ ጊዜ መርጣችሁ ሂዱ። ለፋሲካ ዶሮ ለመብላት መሄድ ጥሩ ነው፣ ግን በበዓል ቀን ማንም አይፈትልም፣ አይፈጭም። ስንደዶ የሚለቀመው ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ነው። ሴቶቹ ሲወጡ አብራችሁ ውጡ። ከዚያ ስፌቱን ጀምሩ፤ ስንደዶው ውስጥ ይገባል፣ ተሰንጥቆ የተነከረው አክርማ በላዩ ይጠመጠማል፣ ወስፌው ቀዳዳ ይከፍታል። የመጀመሪያው ዙር አስቀያሚ ይሆንባችኋል። ይሁን። አያታችሁ ትስቅባችኋለች፣ ከዚያ ወስፌውን ተቀብላ ትፈታዋለች፣ ያኔ ዐይናችሁን ጣቶቿ ላይ አድርጉ።

ሁለተኛ ነገር፣ "ስለ ድሮ ንገሪኝ" አትበሏት። ይህ ጥያቄ ተረት ነው የሚያመጣው። "ይሄ ለምን ተበላሸ?" ብላችሁ ጠይቁ። ጠላው ለምን ሆመጠጠ፣ ክሩ ለምን ተበጠሰ፣ ሰፌዱ ለምን ገብሱን ከገለባው አልለይ አለ። ሰፌድ ስላችሁ፣ ለግድግዳ ተብሎ የሚሸጠውን አንስታችሁ እዩት፦ ከባድ ነው፣ ዝርግ ነው፣ በእሱ እህል ማንገዋለል አይቻልም። የሚሠራበት ሰፌድ ቀላል ነው፣ መሐሉ በልኩ ሰርጎድ ይላል፣ አንገዋላይዋ በክንዷ ስትወዘውዘው ገለባው ወደ ጠርዝ ይወጣል። ስለ ሥራ ስትጠይቋት ዝምተኛ የነበረችው አያት እንዴት አፏ እንደሚፈታ ታያላችሁ።

የምትሰሙትንም ጻፉት። እንዝርቱን መዝኑት፣ ዘንጉን ለኩት፣ አንድ ልቃቂት ለመሙላት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ያዙ። ኢንጂነሪንግ የምትማሩት ደግሞ ልኩን ከያዛችሁ በኋላ የሚያቀልላትን መሣሪያ አስቡ፣ ግን ከእሷ ጋር ሁናችሁ። ሴቶቹ ሳይጠየቁ ተሠርተው ጎተራ ሥር የተጣሉ "የተሻሻሉ" ዕቃዎችን በሥራ ዘመኔ በብዛት አይቻለሁ። ወንበራቸው ከፍ ያለ ነው፣ እሷ የምትፈትለው ደግሞ ዝቅ ብላ ነው፤ ማንም ያንን አላየም።

ገጠር ዘመድ የለኝም የምትሉ የአዲስ አበባ ልጆች፣ ሽሮ ሜዳ ሂዱ። ከጋሞ፣ ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች እዚያ አካባቢ አሉ። በትህትና ጠይቁ፣ ሥራ አታስፈቱ፣ የምትገዙት ካለ ዋጋ አትጨቅጭቁ። ውጭ ሀገር ያላችሁት ደግሞ ብዙዎቻችሁ ቤት ውስጥ መምህር አላችሁ። ልጅ ልትይዝላችሁ አሜሪካ ድረስ የመጣች እናት ወይም አያት ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ቴሌቪዥን እያየች "አገሬ መልሱኝ" የምትለው ብርዱ ብቻ አይደለም ያስመረራት፤ እጇ ሥራ ፈትቶ ነው። ጥጥና እንዝርት ስጧት። የልጅ ልጆቿን አማርኛ ልታስተምርበት የምትችልበት ወሬም አብሮ ይመጣል።

የመጨረሻው ተራ ነገር ይመስላል፣ ግን ከሁሉ በፊት ብታደርጉት ደስ ይለኛል። ብዙ አያቶች ስፌትና ፈተል የሚያቆሙት አርጅተው ደክመው አይደለም፤ ቅርብ ማየት ስለሚያቅታቸው ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ የቅርብ እይታ ለሁሉም ሰው እየደከመ ይሄዳል፣ ገጠር ደግሞ መነጽር የምታደርግ አሮጊት እምብዛም የለችም፣ ነውር ይመስላታል፣ "ዐይኔ ጠፋ" ብላ ወስፌዋን ትሰቅላለች። ስትሄዱ ስኳርና ቡና ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። አቅራቢያዋ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዷት፣ ዐይኗ ይታይ። ሞራ ከሆነ በቀዶ ጥገና ይነሣል። የቅርብ እይታ ብቻ ከሆነ ደግሞ የማንበቢያ መነጽር ይበቃታል፤ ዋጋውም ያን ያህል አይደለም። እንዳይወድቅባት ማሠሪያ ግዙለት፤ ባይኖር ክሩን እሷው ትፈትለዋለች።