መጀመሪያ ምኑን ልግዛ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ዓምድዎን ሳላነብ አላልፍም። እኔ እዘፍናለሁ፣ ጊታርም እሞክራለሁ። ዜማዎቼን እስከ ዛሬ በስልኬ ነበር የምቀዳቸው። አሁን ግን ቤቴ ቁጭ ብዬ በወጉ መቅረጽና ማቀናበር እፈልጋለሁ። ትንሽ ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ። ላፕቶፔ ዊንዶውስ ነው፣ 8 ጊጋባይት ራም አለው። ችግሩ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የሚለኝ ለየቅል ነው። ለመቅረጫና ማቀናበሪያ ሶፍትዌር አንዱ ኤፍኤል ስቱዲዮ ይለኛል፣ ሌላው ኤብልተን። ላፕቶፑን ካልቀየርሽ አይሆንም ያለኝም አለ። የቅርብ ጓደኛዬ ደግሞ "ገንዘብሽን ጥሩ ኮንደንሰር ማይክ ላይ አውዪው፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል" አለችኝ። ከየት ልጀምር?
ግራ የገባት ዘፋኝ

መልስ፦ እህቴ፣ ጓደኛሽ የሰጠችሽን ምክር እኔም በጀማሪነቴ ሰምቼዋለሁ። ሰምቼም ገዛሁ። ያለኝን ሁሉ አውጥቼ ትልቅ ኮንደንሰር ማይክ ይዤ ቤት ገባሁ። በመቀየሪያ ገመድ ላፕቶፑ ላይ ሰካሁት፤ ጭጭ። ነቀልኩ፣ ሰካሁ፤ አሁንም ጭጭ። ሁለት ቀን ሙሉ የተበላሸ ዕቃ የተሸጠልኝ መስሎኝ ስንገበገብ ከረምኩ። ማይኩ ግን ምንም አልሆነም ነበር። የስቱዲዮ ኮንደንሰር ማይክ ኤሌክትሪክ ካላገኘ አይሠራም። በራሱ ገመድ በኩል 48 ቮልት ሊላክለት ይገባል፤ ፋንተም ፓወር የሚሉት እሱን ነው። የሚልክለት ደግሞ ኦዲዮ ኢንተርፌስ ነው፤ ብዙ ሰው ሳውንድ ካርድ የሚለው። እኔ እሱ አልነበረኝም።

ቆይቼ ኢንተርፌስ ተዋስኩና ቀረጽኩ። ያኔ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ሄድፎን አድርጌ ስሰማው ከድምፄ ጋር የባዶ ግድግዳዬ ጩኸት፣ የፍሪጁ ጉርምርምታ፣ በውጭ የሚያልፈው መኪና ሁሉ አብሮ ገብቷል። ኮንደንሰር ጆሮው ስል ነው። በደንብ በተዘጋጀ ክፍል ውስጥ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። በባዶ ክፍል ውስጥ ግን ከዘፋኙ እኩል ክፍሉን ይቀዳል። ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት ማይክ ወራት ሙሉ ካርቶኑ ውስጥ ተቀመጠ።

ስለዚህ የኔ ቅደም ተከተል ከሚነግሩሽ ሁሉ የተገለበጠ ነው። መጀመሪያ የምትሰሚበት ነገር ይምጣ። ቀጥሎ ክፍልሽ። ከዚያ ኢንተርፌስና ማይክ። ሰው ሁሉ የሚከራከርበት ሶፍትዌር የመጨረሻው ነው።

ከሄድፎን እንነሳ። ጥሩ ካልሰማሽ ምንም ነገር መወሰን አትችዪም። ድምፅሽ ጎልቷል ወይስ ተውጧል? ቤዙ በዝቷል ወይስ አንሷል? ይህን ሁሉ የሚነግርሽ ጆሮሽ ላይ ያለው ዕቃ ነው። ለሙዚቃ ማዳመጫ የሚሸጡት ብዙዎቹ ሄድፎኖች ቤዙን ሆን ብለው ያጎላሉ። ለማዳመጥ ደስ ይላል፤ ለሥራ ግን ያሳስታል። ለስቱዲዮ የተሠራና ጆሮን ገጥሞ የሚዘጋ ዓይነት ፈልጊ። ክፍት የሆነው ዓይነት ለሚክሲንግ፣ ማለትም የተቀረጹትን ድምፆች አመጣጥኖ ለማዋሃድ፣ ሸጋ ነው፤ ስትቀርጪ ግን የሙዚቃው ድምፅ አፈትልኮ ማይኩ ውስጥ ይገባብሻል። የሶኒ ኤምዲአር-7506፣ የኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲኤች-ኤም50ኤክስ፣ የቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 በብዙ ስቱዲዮዎች ውስጥ የሚታዩ ናቸው። ሌላም ቢሆን ግድ የለም። ብቻ ገመድ ይኑረው። ብሉቱዝ ድምፁን ያዘገያል፤ ዘፍነሽ ራስሽን ዘግይተሽ ከሰማሽ ምት መጠበቅ የማይታሰብ ነው።

ሄድፎኑን ከመግዛትሽ በፊት ሙከራ አድርጊ። እያንዳንዱን ትንፋሽ የምታውቂውን ዘፈን በስልክሽ ይዘሽ ሂጂ። የቤዝ ጊታሩን ኖታዎች አንድ በአንድ መከተል ከቻልሽ ጥሩ ነው። እንደ አንድ ወፍራም ጉርምርምታ ብቻ ከተሰማሽ ተዪው።

አሁን ወደ ክፍልሽ። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግሽም። ክፍሉ መሀል ቁሚና አንዴ ጠንከር አድርገሽ አጨብጭቢ። ከጭብጨባው በኋላ ጥዝዝ የሚል የብረት ዓይነት ድምፅ ከሰማሽ፣ ያ ነገር በእያንዳንዱ ቀረጻሽ ውስጥ አለ። ቆይቶ በሶፍትዌር ልታጠፊው ብትሞክሪ ድምፅሽንም ይዞት ይሄዳል። ልብስ የሞላበት ቁም ሳጥን፣ ሶፋ፣ ፍራሽ፣ መጋረጃ ካለበት ጥግ ተጠጊ። እዚያ ደግመሽ አጨብጭቢ። ልዩነቱን ራስሽ ትሰሚዋለሽ።

ወፍራም ብርድ ልብስ ካለሽ ስቀዪ። የት ላይ? አብዛኛው ሰው ከማይኩ ጀርባ ይሰቅላል። የተለመደው የዘፋኝ ማይክ ግን በፊት ለፊቱ በኩል ነው በደንብ የሚሰማው፣ በጀርባው ብዙም አይሰማም። ፊት ለፊቱ ያለሽው አንቺ ነሽ፤ ከአንቺ ጀርባ ደግሞ ግድግዳው አለ። ድምፅሽ ክፍሉን ዞሮ ከዚያ ግድግዳ ተመልሶ ቀጥ ብሎ ማይኩ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ብርድ ልብሱን ከጀርባሽ ስቀዪው። እኔ ይህን የተረዳሁት ከብዙ የባከነ ቀረጻ በኋላ ነው። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ስስ ስፖንጅ ለጊዜው አትግዢ። ማስተጋባቱን በተወሰነ መጠን ይቀንሳል እንጂ የጎረቤትን ድምፅ አያስቀርም።

ኢንተርፌሱ ሁለት መግቢያ ያለው ይሁን፤ አንዱ ለማይክ፣ አንዱ ለጊታር። ጊታርሽ ኤሌክትሪክ ከሆነ መግቢያው ላይ "ኢንስትሩመንት" የሚል ማብሪያ መኖሩን እዪ። ሌላው መኖር ያለበት ዳይሬክት ሞኒተር የሚባለው ነው። እሱ ካለ ስትዘፍኚ ድምፅሽ ኮምፒውተሩን ሳይዞር በቀጥታ ወደ ሄድፎንሽ ይመጣል። ከሌለ ደግሞ በሶፍትዌሩ ውስጥ በፈር የሚባለውን፣ ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማስተላለፉ በፊት የሚያጠራቅመውን መጠን፣ መቀነስ አለብሽ። በፈር 1024 ሳምፕል ከሆነ፣ በ44,100 ኸርዝ ስትቀርጪ ወደ 23 ሚሊሰከንድ የሚጠጋ መዘግየት ነው፤ ድምፁ ገብቶ እስኪወጣ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። 128 ካደረግሽው ወደ 3 ይወርዳል። ስትቀርጪ ዝቅ፣ ሚክስ ስታደርጊ ከፍ አድርጊው፤ ላፕቶፕሽ አይጨነቅም። ዊንዶውስ ላይ የኢንተርፌሱን የራሱን አሲዮ ድራይቨር፣ ድምፁ ሳይዘገይ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም፣ መጫን እንዳትረሺ። "ኢንተርፌሴ ይዘገያል" ብለው የሚጽፉልኝ አብዛኞቹ ሰዎች ይህን ሳይጭኑ ነው።

ማይክ ላይ ምክሬ ዳይናሚክ የሚባለው ዓይነት ነው። ካልተዘጋጀ ክፍል ጋር ይስማማል፣ 48 ቮልትም አይጠይቅም። የሹር ኤስኤም58 ከ1966 ጀምሮ ያለ ማይክ ነው፤ እስከ ዛሬ በየመድረኩ ታዪዋለሽ። ጠጋ ብለሽ ዝፈኚ፣ አራት አምስት ጣት ያህል ብቻ ራቂ። ራቅ ካልሽ ክፍሉ ይገባብሻል። ከመቅረጽሽ በፊት የዘፈኑን ከፍተኛ ቦታ፣ ያንን የምትጮኺበትን፣ እንደ እውነቱ ዝፈኚው። መለኪያው በዚያ ቦታ ላይ ከ-12 እስከ -10 ዴሲቤል አካባቢ ሲደርስ ጌይኑን፣ የማይኩን ድምፅ የሚያጎላውን ማዞሪያ፣ እዚያ ተዪው። ዜሮ ድረስ ለመግፋት አትሞክሪ። በ24 ቢት እየቀረጽሽ ከሆነ ዝቅ ያለውን በኋላ ከፍ ታደርጊዋለሽ። ጣራ ነክቶ የተሰነጠቀ ድምፅ ግን አይመለስም።

ላፕቶፑን አትቀይሪ። 8 ጊጋባይት ራም ለድምፅ፣ ለጊታርና ለጥቂት መሣሪያዎች ይበቃሻል። ሥራው ሲከብደው የጨረስሽውን ትራክ "ፍሪዝ" አድርጊው፤ ኮምፒውተሩ ማስላቱን ትቶ የተዘጋጀውን ድምፅ ብቻ ያጫውታል። ዲስክሽ ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣኑ ዓይነት ካልሆነ ግን እሱን መቀየር አዲስ ላፕቶፕ ከመግዛት ይቀድማል።

ሶፍትዌር። ኤፍኤል ስቱዲዮ ድሮ ፍሩቲ ሉፕስ ይባል ነበር፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አለ። ተወልዶ ያደገው ምት በመደርደር ነው። የዘፈን ምት (ቢት) ለሚሠራ ሰው እጅ ላይ ቀላል ነው፣ አንዴ ከገዛሽው አዳዲሱ ስሪት ዕድሜ ልክ በነጻ ይመጣልሻል። መሞከሪያው ግን አንድ ነገር አለበት፤ ያስቀመጥሽውን ፕሮጀክት መልሰሽ መክፈት አትችዪም። ኤብልተን ላይቭ ደግሞ ቁርጥራጭ ሐሳቦችን በየሳጥኑ አስቀምጦ በፈለጉት ቅደም ተከተል ማጫወት ለሚፈልጉ ሰዎች ነው። አፕል ኮምፒውተር ቢኖርሽ ኖሮ በነጻ የሚገኘውን ጋራጅባንድ ክፈቺ ብዬሽ እዚህ ላይ አበቃ ነበር።

አንቺ ግን ዘፋኝ ነሽ። ሥራሽ መቅረጽ፣ ደግሞ መቅረጽ፣ ከአምስቱ ቀረጻ ምርጡን ስንኝ ቆርጦ መግጠም ነው። ለዚህ ሪፐር የሚባለውን ሶፍትዌር እመርጥልሻለሁ። ኮምፒውተር ላይ ስለማይከብድ ደካማ ላፕቶፕ ላይም ይሮጣል። ለ60 ቀን ምንም ሳይቀነስ ሞክረሽው፣ ከዚያ ፈቃዱን ትገዣለሽ። ጉድለቱ ፒያኖ፣ ድራም፣ ስትሪንግ የመሳሰሉትን አዘጋጅቶ አለመምጣቱ ነው። እሱን በነጻ ፕለጊኖች፣ በሶፍትዌሩ ላይ በሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ ትሞይዋለሽ። ለሲንተሳይዘር፣ ማለትም በኤሌክትሮኒክስ ለሚፈጠር ድምፅ፣ ቫይታልና ሰርጅ ኤክስቲ አሉ። ለፒያኖና ለስትሪንግ የስፒትፋየር ላብስ አለ። እነዚህን ሦስቱን ብቻ ጫኚ። ሌላ አትጨምሪ። ፕለጊን መሰብሰብ ራሱን የቻለ ሱስ ነው፤ ስንት ጎበዝ ልጅ በዚያ ቀርቷል።

ከመክፈልሽ በፊት ግን የኢንተርፌሱን ካርቶን በደንብ አንብቢ። ብዙ ኢንተርፌሶች እንደ ኤብልተን ላይቭ ላይት ያለ ሶፍትዌር ከነፈቃዱ ይዘው ይመጣሉ። የትኛውንም ስትገዢ ደረጃውን ጠይቂ፤ ዝቅተኛው ደረጃ የትራክ ብዛት ወይም አንዳንድ አገልግሎት ይቀነስበታል።

ሚዲ ኪቦርድ ለጊዜው ይቅርብሽ። ሚዲ ከ1983 ጀምሮ ያለ ቋንቋ ነው፤ የትኛው ኖታ፣ መቼ፣ ምን ያህል በርትቶ እንደተነካ ብቻ ይናገራል እንጂ ድምፅ አይደለም። ያንኑ በማውዝ መጻፍ ይቻላል። ማውዙ እጅሽን ሲያሰለቸው ባለ 25 ቁልፏን ትንሿን ትገዣለሽ።

የጭብጨባውን ነገር ዛሬውኑ ሞክሪውና ምን እንደሰማሽ ጻፊልኝ።

ጥያቄ፦ ጓደኞቼ ሁሉ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ቁልፉ ተሰብሮ ሳይከፈልበት የሚጫን፣ ሶፍትዌር ነው የሚጠቀሙት። እኔም ልጫን ብዬ አመነታሁ። ምን ይላሉ?
አመንቺው

መልስ፦ ማመንታትህ ደግ ነው፣ ወንድሜ። እኔ ለሁለት ዓመት ያህል ተጠቅሜበታለሁ። አንድ ቀን ማታ አንድ ክራክ የሪቨርብ (የማስተጋባት) ፕለጊን ጫንኩ። ጠዋት ስነሳ ፋይሎቼ በሙሉ ተቆልፈዋል። ዘጠኝ ዘፈን ነበር። ሁለቱ የሰው ነበሩ፣ የባለቤቶቻቸውን ዓይን ማየት አቅቶኝ ነበር። ባክአፕ የሚባል ነገር አላስቀመጥኩም። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ክራክ አልነካሁም።

ከላይ ለእህታችን የዘረዘርኳቸው ነጻ ዕቃዎች ለአንተም ይበቃሉ። ፋይል ማስቀመጥን በተመለከተም አንድ ነገር ልጨምር። ዘፈን ስትጨርስ ፕሮጀክቱን ብቻ አታስቀምጥ። እያንዳንዱን ትራክ ከመጀመሪያው ሰከንድ ጀምሮ ለየብቻ በዌቭ (WAV) የድምፅ ፋይል አውጣው፣ ሌላ ዲስክ ላይም ገልብጠው። ፕለጊን ይጠፋል፣ ሶፍትዌር ይቀየራል፤ ዌቭ ግን የትም ይከፈታል። አንድ ደቂቃ የሞኖ ቀረጻ በ24 ቢትና በ44,100 ኸርዝ 8 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ቦታ አያጣብብህም።

ጥያቄ፦ ባለ 8 ኢንች ስቱዲዮ ሞኒተር (የስቱዲዮ ስፒከር) ገዝቼ ትንሽ መኝታ ክፍሌ ውስጥ አስቀመጥኩ። እዚያ ቤዙ ልብ ይነካል፤ ስልክ ላይ ስከፍተው ግን ድርቅ ያለ ነው። ስፒከሩ ይሆን?

መልስ፦ ስፒከሩ አይመስለኝም። ትንሽ ክፍል ቤዝን በየጥጉ ያከማቻል። አንተ የምትሰማው ክፍሉ የጨመረልህን ቤዝ ነው፤ በዝቷል ብለህ ከሚክሱ ላይ ትቀንሳለህ፣ ስልኩ ላይ ድርቅ ብሎ ይቀራል። ስፒከሮቹን ከጥግ አውጣቸው፣ ከግድግዳውም ፈቀቅ አድርጋቸው። ሁለቱ ስፒከሮችና ጭንቅላትህ እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ይሥሩ፤ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ክፍላቸው (ትዊተሩ) በጆሮህ ቁመት ይሁን። ድምፁንም ቀንስ፤ ሰው አጠገብህ ቢያወራ በሚሰማህ መጠን ሥራ። ቤዙን ግን በሄድፎን ወስን።