ጣናን ከውስጥ ለማዳመጥ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ጎርጎራ ዓሣ አስጋሪ ነኝ። መቅዘፊያዬን ውሃ ውስጥ ነክሬ ጫፉን ጆሮዬ ላይ ሳስደግፍ፣ ገና በዓይኔ ያላየሁት የሞተር ጀልባ ይሰማኛል። ሳወጣው ጸጥ ይላል። ለምንድን ነው? የውሃ ውስጥ ድምፅ የሚያዳምጥ መሣሪያ ባገኝስ ዓሣው ያለበትን ይጠቁመኛል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ደስ የሚል ነገር ነው ያስተዋልከው። ውሃ ውስጥ ያለ ድምፅ ወደ አየር ሊወጣ ሲል ከሺህ አንድ እጅ ያህሉ ብቻ ያልፋል፤ የቀረው ተመልሶ ወደ ታች ይሄዳል። እንጨቱ ግን ከውሃው ተቀብሎ በቀጥታ ለጆሮህ ያደርስልሃል።

እ.ኤ.አ. በ1826 የስዊስ ፊዚክስ ሊቅ ዣን ዳንኤል ኮላዶን በጄኔቭ ሐይቅ ላይ ያደረገውም ከዚህ አይርቅም። ባልደረባው ማዶ ሆኖ፣ ውሃ ውስጥ የተንጠለጠለ ደወል ሲመታ በዚያው ቅጽበት ባሩድ ይለኩሳል። ኮላዶን ከ13 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ አፉ ውሃ ውስጥ በገባ ረጅም መለከት እያዳመጠ፣ ብልጭታውን ካየ በኋላ ደወሉ እስኪሰማው ያለውን ጊዜ ለካ። ከዚያ ሲያሰላ የድምፅ ፍጥነት በውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,435 ሜትር ሆነ። በአየር 340 ገደማ ነው።

የዛሬው መሣሪያ ሃይድሮፎን ይባላል። ዋናው አካሉ ድምፅ ሲገፋው ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ሴራሚክ ነው። ውድ ይሆናል ብለህ አትሽሽ፤ የተበላሸ የማንቂያ ሰዓት ወይም የሚጮህ መጫወቻ ብትፈታ፣ ነጭ ነገር የተለጠፈበት ሳንቲም የሚያህል የናስ ክብ ታገኛለህ። እሱው ነው። ጎንደር ስትወጣ አራዳ አካባቢ ሞባይል የሚጠግኑ ልጆች የማይክ ገመድ ሶልደር ያድርጉልህ። ሙቀቱ ከቆየበት ሴራሚኩ ይበላሻልና ቶሎ ይጨርሱ። ከዚያ ገመዱ የገባበትን ሳይቀር በኢፖክሲ (ሲደርቅ በሚጠነክር ሙጫ) ሸፍነው፤ የመርፌ ቀዳዳ ታህል ብትቀር ውሃ ይገባና ጩኸት ብቻ ትሰማለህ። ትንሽ አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ) እና የጆሮ ማዳመጫ ካገኘህ በቃ። ታንኳህ ሞተር ስለሌለው ደግሞ ለማዳመጥ ከየትኛውም ጀልባ ይሻላል።

ዓሣውን ግን አይጠቁምህም። ወንዱ ቀረሶ በመራቢያ ወቅት ዝቅ ያለ ድምፅ ቢያሰማም፣ በአንድ ሃይድሮፎን ከየት እንደመጣ መለየት አይቻልም። ለዚያ የሚሆነው ራሱ ድምፅ ልኮ ማሚቶውን የሚጠብቀው ሶናር ነው። ጣና በጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ማሚቶው ከወለሉ የሰከንድ 50ኛ ሳይሞላ ይመለሳል። እኔ ግን ብትጠይቀኝ፣ ዓሣው ለመራባት ወደ ወንዝ አፍ በሚሰበሰብበት ክረምት ሶናር ይዞ መከታተሉን አልወደውም።

ጉማሬም ውሃ ውስጥ ሆኖ ድምፅ ያሰማል፤ በመሣሪያህ ልትሰማው ትችላለህ። ዝም ብሎ የተኛው ግን አይሰማህምና ለደኅንነትህ አትመካበት።