«ምጽአት በደጅ ነው» ብሎ ሥራውን የተወው ባለቤቴ

ይድረስ ለመምህር፤

እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ደሴ ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ እንጨት ሠራተኛ ነው። አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ በርና መስኮት ይሠራል፤ ሁለት ሠራተኞችም ነበሩት። እኔ እንጀራ እየጋገርኩ ለሱቆች አስረክባለሁ። ተርፎን ባያውቅም ጎድሎብን አያውቅም።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ባለቤቴ ሌላ ሰው ሆነ። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። መጠጥ ተወ፣ ከልጆቹ ጋር በሰላም መጨዋወት ጀመረ፣ ሌሊት እየተነሣ ይጸልያል። ከዚያ በስልኩ አንድ ሰባኪ መከታተል ያዘ። ሰውየው የጦርነቱን፣ የኑሮ ውድነቱን፣ የመሬት መንቀጥቀጡን ወሬ እየደረደረ «ስምንተኛው ሺህ ነው፣ ምጽአት በደጅ ነው፣ ይህ ዓመት አይወጣም» ይላል። ባለቤቴም በመስቀል ማግስት የመላጊያና የመሰንጠቂያ ማሽኖቹን ሸጠ። የገንዘቡን ገሚስ መጸወተ፤ ገሚሱ ቤት ተቀምጧል። ሠራተኞቹን ሲያሰናብት የመጨረሻ ወር ደመወዛቸውን አልሰጣቸውም። ቀብድ ተቀብሎ ያልሠራቸው አንድ አልጋና አንድ ቁም ሣጥንም አሉ። ያዘዙት ሰዎች ቤት ድረስ እየመጡ እኔን ይጠይቁኛል፤ የምመልሰው ይጠፋኛል።

ከዕድርም ወጣ። «ሙታን ሊነሡ ነው፤ ለቀብር የምንከፍለው ምን ሊረባን?» አለኝ። ትልቋ ልጃችን ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ትወስዳለች። ስታጠና ሲያያት «ለሚያልፍ ዓለም ለምን ትደክሚያለሽ?» ይላታል። እኔ ዱቄት አስጭኜ ስገባ ደግሞ «አንቺ የሎጥ ሚስት ነሽ፤ ልብሽ ወደ ኋላ ነው» ይለኛል።

መምህር፣ አንድ ነገር ልናዘዝልዎት። እርሱ «ጌታ ሆይ፣ ቶሎ ና» እያለ ሲጸልይ እኔ አሜን ማለት ያቅተኛል። ልጆቼ ይደጉልኝ፣ የልጄን ምርቃት ልይ እላለሁ በልቤ። ስለዚህ እውነቱን ቢሆንስ ብዬ እፈራለሁ። ዘይት ካለቀባቸው ሰነፎች ደናግል አንዷ እኔ ብሆንስ? ሁለታችንም የንስሐ አባት አለን፤ ከቆረብን ግን ዓመታት አልፈዋል፤ እኔ በሥራ ብዛት፣ እርሱ «ገና አልበቃሁም» እያለ።

ምን ላድርግ? ዝም ብዬ ልከተለው ወይስ ልቃወመው?

እኅትዎ፣ ከደሴ

መልስ

እኅቴ፣ የሎጥ ሚስት አይደለሽም። ይህን ያስቀደምኩት እንዲህ ያለው ቃል ከትዳር ጓደኛ አፍ ሲወጣ ምን ያህል እንደሚያቆስል ስለማውቅ ነው። «የሎጥን ሚስት አስቡአት» የሚለው በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ነው። ባለቤትሽ ጥቂት መስመር ዝቅ ብሎ ቢያነብ ኖሮ ሌሎች ሁለት ሴቶች ያገኝ ነበር፤ አብረው ይፈጫሉ፣ አንዲቱ ትወሰዳለች፣ ሁለተኛይቱ ትቀራለች። የምትወሰደዋን ሴት አስቢያት። ወፍጮዋን ሸጣ፣ እህሏን በትና፣ ተራራ ላይ ወጥታ አልጠበቀችም። እጇ መጁን እንደያዘ ነው የተወሰደችው። የቀረችውም እዚያው ወፍጮ ላይ ነበረች። ሁለቱን የለያያቸው በልባቸው ያለው ነበር፤ ሥራቸውማ አንድ ነው። አንቺ ምጣድሽ ላይ ሆነሽ ጌታሽን ልትጠብቂ ትችያለሽ፤ ሰውም ሥራውን ሁሉ ጥሎ ሳይጠብቀው ሊቀር ይችላል።

ባለቤትሽ መናፈቁ መልካም ነው፤ ይህን እንድትንቂበት አልፈልግም። መጠጥ ያስተወው፣ ሌሊት የሚያስነሣው ነገር ከእግዚአብሔር የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ። የማዝነው ያንን የተነሣሣ ልብ አግኝቶ ወደ ፍርሃትና ወደ ሥራ ፈትነት በመራው ሰው ላይ ነው። ቀንና ሰዓቱን ከአብ በቀር ማንም እንደማያውቅ፣ መላእክትም ቢሆኑ እንደማያውቁ ጌታ ራሱ በማቴዎስ 24 ተናግሯል። «ይህ ዓመት አይወጣም» የሚል ሰባኪ ለራሱ ያልተሰጠውን ይሰጣል።

ስለ ስምንተኛው ሺህ ባለቤትሽ ይህን ቢያስብ እወዳለሁ። አባቶቻችን ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ይቆጥራሉ። እንደዚህ ስሌት ሰባተኛው ሺህ የሞላው በ1500 ዓመተ ምሕረት ነው። ስምንተኛው ሺህ ከገባ አምስት መቶ ዓመት አልፎታል ማለት ነው። በገባ በሃያ አንደኛው ዓመት፣ በ1521፣ የሽምብራ ኩሬ ጦርነት ሆነ፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በኢማም አሕመድ ዘመቻ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ መጻሕፍት ወደሙ፣ ሰው አለቀ። «አለቀልን፣ ምጽአት ዛሬ ነው» ለማለት ከእነዚያ ሰዎች የበለጠ ምክንያት የነበረው ማን ነው? ግን ከአመዱ ተነሥተው ብራና ፋቁ፣ ቀለም በጠበጡ፣ የተረፈውን መጽሐፍ ገለበጡ፣ ጣራ መልሰው ከደኑ። ዛሬ አንቺና እኔ ስለ ምጽአት የምናነበው እነዚያ ሰዎች ብዕራቸውን ስላልጣሉ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል።

ብዕራቸውን የጣሉም ነበሩ፤ በሌላ አገር። አሜሪካዊው ገበሬ ዊልያም ሚለር የጀመረውን ስብከት የተከተሉ ሰዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኦክቶበር 22 ቀን 1844 ጌታ ይመጣል ብለው ጠበቁ። አዝመራቸውን ሳይሰበስቡ የተዉ ነበሩ። ቀኑ አለፈ፣ ሌሊቱም ነጋ፤ ያንን ቀን በታላቅ ተስፋ መቁረጥ ስም እስከ ዛሬ ይጠሩታል። በዚያው አቆጣጠር በ2011ም ሃሮልድ ካምፒንግ የተባለ የሬዲዮ ሰባኪ ሌላ ቀን ቆርጦ ያጠራቀሙትን የጨረሱ ተከታዮች ነበሩት። የምፈራው ለዚህ ነው፤ ዓመቱ ሲወጣ ባለቤትሽ ማሽኑን ብቻ ሳይሆን እምነቱንም እንዳያጣ።

ቤተ ክርስቲያን የጠበቀችውን ሥርዓት ተመልከቺ። የዐቢይ ጾም አምስተኛው እሑድ ደብረ ዘይት ነው፤ «እግዚአብሔርሰ ገሃደ ይመጽእ»፣ እግዚአብሔር በግልጥ ይመጣል ይባላል፣ የምጽአት ነገር ይነበባል፣ ይሰበካል። የሚቀጥለው እሑድ ገብር ኄር ነው፤ የሚነበበው መክሊት ስለ ተሰጣቸው አገልጋዮች ነው። «ይመጣል» ባልን በሳምንቱ «በሰጠሁህ ምን ሠራህበት?» እንባላለን። ያ ሦስተኛው አገልጋይ ሌባ አልነበረም፤ ሰካራምም አልተባለም። ፈርቶ ቀበረው፣ ይኸው ነው። ለባለቤትሽ የተሰጠው መክሊት እንጨት አገላብጦ የሰው ማረፊያ ማድረግ ነበር፤ በዚያም ሁለት ሌሎች ቤተሰቦችን ያበላ ነበር።

ሐዋርያው ጳውሎስም ይህ ገጥሞታል። በተሰሎንቄ «የጌታ ቀን ደርሷል» በሚል ወሬ የታወኩ ነበሩ፤ ሥራ ትተው ያለ ሥርዓት የሚሄዱም ነበሩ። በደብረ ዘይት ስለ ሙታን ትንሣኤና ስለ ጌታ መምጣት የሚነበበው ክፍል ከመጀመሪያይቱ የተሰሎንቄ መልእክት ምዕራፍ 4 ነው። ከዚያ ክፍል በላይ ባሉት ቁጥሮች ግን ሐዋርያው በጸጥታ ኑሩ፣ በእጃችሁም ሥሩ ይላቸዋል። በሁለተኛይቱ መልእክት ደግሞ ጠንከር ብሎ «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» ይላል። ባለቤትሽ ምናኔ ነው ቢልሽም ገዳማውያኑ ያርሳሉ፣ ይፈጫሉ፣ ውኃ ይቀዳሉ። ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው ደግሞ ብቻውን ወስኖ አይመንንም።

አሁን ዝም ብዬ ወደማላልፈው ልምጣ፤ ወደ ቀብዱና ወደ ደመወዙ። የያዕቆብን መልእክት ምዕራፍ 5 አብራችሁ አንብቡ። ተይዞ የቀረ የሠራተኛ ደመወዝ ይጮኻል፣ ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ ገብቷል ይላል። ከሦስት ቁጥር በኋላ «ጌታ እስኪመጣ ድረስ ታገሡ» ይላል። ሁለቱ በአንድ ትንፋሽ የተነገሩ ናቸው። ፈራጁ በደጅ ቆሟል ብሎ ከልቡ የሚያምን ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ሠራተኞቹ ቤት ነው። ለድሃ መመጽወት ታላቅ ነገር ነው፤ የሰው ዕዳ እያለ ግን የተመጸወተው ገንዘብ የማን እንደሆነ ይጠይቅ። ቤት ከተቀመጠው ገንዘብ ላይ አስቀድሞ ደመወዙ ይከፈል፣ ቀብዱም ይመለስ፤ ወይም መሣሪያ ተውሶ አልጋውንና ቁም ሣጥኑን ይጨርስ። ይህን በጥቅስ ክርክር አትጀምሪው። «ጌታ ዛሬ ማታ ቢመጣ እነዚህን ሰዎች ምን ትላቸዋለህ?» ብለሽ ብቻ ጠይቂው። በራሱ እምነት የሚገባው ጥያቄ ነው።

አሜን ማለት ያቅተኛል ላልሽው መልስ ለመስጠት ብዙ አሰብኩ። በመጀመሪያ፣ ብለሽዋል። በየቅዳሴው ከሕዝቡ ጋር «ነአምን ዕርገተከ ወዳግመ ምጽአተከ» ስትዪ ኖረሻል፤ ዕርገትህንና ዳግመኛ መምጣትህን እናምናለን ማለትሽ ነው። ጸሎተ ሃይማኖት ስትደርሺም በሕያዋንና በሙታን ለመፍረድ በምስጋና ይመጣል ብለሻል። ልብሽ ሲፈራ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ተሸክሞሽ ነበር።

ልጆቼ ይደጉልኝ ማለትሽንም ክህደት አታድርጊው። ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ በሁለት ነገር እንደተጨነቀ ይናገራል፤ ሄዶ ከክርስቶስ ጋር መኖርን ይናፍቃል፣ በሥጋ መቆየቱ ግን ለእነርሱ ያስፈልጋል። ለሌላ ሰው ሲል መቆየት የፈለገ ሐዋርያ ነው። ቅዱስ ጴጥሮስም ጌታ የሚታገሠው ሁሉ ወደ ንስሐ እንዲደርስ ወድዶ ነው ይላል። የልጅሽ የጥናት ሌሊት ከዚያ ትዕግሥት የተሰጠ ነው። አትሸማቀቂበት።

ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የምትፈሪው የልጆችሽን ነገር ብቻ ነው ወይስ የሚመጣውንም? የሚመጣው የማታውቂው እንግዳ አይደለም። በጥምቀት የወለደሽ፣ ሥጋውንና ደሙን ያቀረበልሽ ነው። ከቆረብሽ ዓመታት እንዳለፉ ጽፈሻል፤ ፍርሃትሽ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ሰው ለረጅም ጊዜ ካልቀረበው ጋር ቀጠሮ ሲኖረው ይሸማቀቃል። ስለ ዘይቱ የጠየቅሽኝም መልሱ እዚሁ ነው። ባለቤትሽም ማሽኑን ሸጦ ንስሐውን አዘገየ፤ ከባዱን አድርጎ በእጁ ያለውን ተወ። «አልበቃሁም» የሚለው ቃል ትሕትና ይመስላል፤ ሰውን ከመድኃኒቱ ሲያርቅ ግን ትሕትና አይደለም።

ስለዚህ አትከተይው፣ አትጣይውም። በዚህ ሳምንት ሁለታችሁም ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ። የማሽኑንም፣ የሰባኪውንም፣ የደመወዙንም ነገር በፊታቸው አንሡት፤ ባል ለሚስቱ የማይሰማውን ለአባቱ ይሰማል። እምቢ ካለ አንቺ ብቻሽን ሂጂ፣ ከዘመድም የሚያከብራቸውን ሽማግሌ ላኪ። እንቅልፍና ምግብ እየራቁት ከሆነ፣ የማይሰማ ድምፅ ሰማሁ የሚል ከሆነ ወደ ሐኪም ይዘሽው ሂጂ፤ ጠበሉም ሐኪሙም የእግዚአብሔር ናቸው። የቀረውን ገንዘብ ያለ ሁለታችሁ ስምምነት እንዳያወጣው በግልጽ ተነጋገሩ። ለቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሃይማኖትን የካደ ነው የሚለው፣ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ የላከው ቃል ለእርሱም ተጽፏል። ዕድሩን በአንቺ ስም ቀጥይው፤ ጎረቤት ሲያዝን አብሮ መቀመጥ የክርስቲያን ሥራ ነው። ልጅሽ ታጥና። አባቷ የሚላት እንዳያደክማት አንቺ ከጎኗ ሁኚ፣ ከፈተናውም በፊት ጸበል ወስደሽ አስባርኪያት።

የሁለታችሁንና የልጆቻችሁን የክርስትና ስም ጽፈሽ ላኪልኝ፤ በጸሎት አስባችኋለሁ። ከንስሐ አባታችሁ ጋር የተነጋገራችሁትንም ጻፊልኝ።