ቀለሙን ተዉት፣ አፉን እዩት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ሸዋ ሮቢት የባዮሎጂ መምህር ነኝ። የሳይንስ ክበብ ተማሪዎቼ ክረምቱን የቀንድ አውጣ ቅርፊት ሲለቅሙ ከረሙ። ከሽንኩርት ማሳ ዳር፣ ከማሾ ማሳ አጥር ሥር የለቀሙት አለ። ከወፍ ዋሻ ደን ያመጡትም አለ። በቀለምና በመጠን ለየናቸው። ግን አንድ ክምር ውስጥ ያሉት ራሳቸው አይመሳሰሉም። በምን እንለያቸው? ጥቂቱን በጥጥ ጠቅልዬ ልኬልዎታለሁ።

መልስ፦ መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንዱም ሳይሰበር ደርሶኛል። ጠረጴዛዬ ላይ ደርድሬያቸው ነው ይህን የምጽፍልዎ።

በቀለምና በመጠን መጀመር የብዙ ሰው ልማድ ነው። ለጀማሪ ደግሞ ከእነዚህ ከሁለቱ የበለጠ የሚያሳስት የለም። ቀለሙ ያለው በአብዛኛው ከላይ ባለው ስስ ሽፋን ላይ ነው። እንስሳው ሞቶ ቅርፊቱ ሜዳ ላይ ሲቀር ፀሐይና ዝናብ ይገፉታል፤ ይነጣል። እናም ተማሪዎችዎ «ነጩ ዓይነት» ያሉት ክምር ከቡናማው ክምር የተለየ አይደለም፤ ቆይቶ የነጣ ነው። በሕይወት እያለም ቢሆን አንድ ዝርያ ብዙ መልክ ሊኖረው ይችላል። ዴኒስ ኦወን የሚባል ሊቅ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ኡጋንዳ ውስጥ ሊሚኮላሪያ የሚባለውን ቀንድ አውጣ ሲያጠና፣ በአንድ ቦታ የሚኖር አንድ ዝርያ ውስጥ ዥንጉርጉርም ፈዛዛም አግኝቷል።

መጠኑም እንዲሁ ነው። ቀንድ አውጣ ቅርፊቱን አይቀይርም። ከእንቁላል ይዞት የወጣው ቅርፊት ዕድሜውን ሙሉ ጫፉ ላይ ይኖራል። የሚያድገው ከአፉ (እንስሳው ከሚወጣበት ቀዳዳ) ጠርዝ ላይ ኖራማ ነገር እየጨመረ ነው። ስለዚህ የትልቁ ጫፍ የልጅነቱ ቅርፊት ነው ማለት ነው። እርስዎ «ሁለተኛ ዓይነት» ብለው የላኩልኝን ሦስት ትንንሾች ከትልቁ አጠገብ አስቀምጬ ጫፋቸውን በማጉያ መነጽር አየሁ። አንድ ናቸው። ትልቁ ሰባት ዙር ተኩል ተጠምጥሟል፤ ትንንሾቹ አራትና አምስት ብቻ። ልጆች ናቸው፤ ከትልቁ ጋር ይቀላቀሉ።

አሁን ወደ አፉ እንምጣ። ቅርፊቱን ጫፉን ወደ ላይ፣ አፉን ወደ ራስዎ አድርገው ይያዙ። ለተማሪዎችዎ ከሁሉ በፊት ይህን አያያዝ ያስተምሯቸው። ሁሉም እንዲህ ካልያዘ አንዱ የሚለካውን ሌላው አይለካውም።

መጀመሪያ ከንፈሩን፣ ማለትም የአፉን ጠርዝ፣ ይዩ። በብዙ ዓይነቶች ላይ እንስሳው ሲያድግ ከንፈሩ ይወፍራል፤ ወደ ውጭም ይገለበጣል። እንዲህ ከሆነ ያደገ ነው፣ ከዚህ በላይ አይጨምርም። ግን ይህ ለሁሉም አይሠራም። የእርስዎ ትልቁ ቅርፊት የሊሚኮላሪያ መልክ አለው፤ የሊሚኮላሪያ ከንፈር ደግሞ ካደገም በኋላ ስስ ነው። እዚያ ላይ ዙር መቁጠር ነው የሚያዋጣው።

ከዚያ ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ከወፍ ዋሻ የመጣ የሚመስለኝ፣ የሩዝ ፍሬ የሚያህለው ቅርፊት በጣም አስደስቶኛል። ተማሪዎችዎ «የሕፃናት» ክምር ውስጥ ጥለውት ነበር። እኔም በዓይኔ ሳየው ሕፃን መስሎኝ ነበር። መነጽሩን ሳስጠጋ ግን ከንፈሩ ወፍራም ነው፤ አፉ ውስጥ ደግሞ ጥርስ የመሰሉ ጉብጉብታዎች አሉ። ይህ ሕፃን አይደለም፤ ዕድገቱን የጨረሰ አዋቂ ነው! ስትሬፕታክሲዴ ከሚባለው ቤተሰብ ይመስለኛል። የዚህ ቤተሰብ አባላት ሥጋ በል ናቸው፤ ሌሎች ቀንድ አውጣዎችን እያሳደዱ ይበላሉ። ጉሌላ የሚባለው ወገን በምሥራቅ አፍሪካ ደኖች ብዙ ዝርያ አለው፤ የዝርያዎቹ መለያም በአብዛኛው የእነዚሁ ጥርሶች ቁጥርና አቀማመጥ ነው። ጥርሶቹ ማኘኪያ አይደሉም። የሚበላበት ጥርስ ሌላ ነው፤ ምላሱ ላይ ነው ያለው።

ቀጥሎ ምሰሶውን ይዩ። ዙሮቹ የሚጠመጠሙበት መሐል ያለው ግንድ ነው፤ ጫፉ በአፉ በግራ ጠርዝ በኩል ይታያል። ትልልቆቹን ለመለየት ከዚህ የተሻለ ምልክት የለም። አካቲና በሚባሉት ላይ ምሰሶው ታች ሲደርስ በቢላ እንደተቆረጠ ድንገት ይቆማል። በሊሚኮላሪያ ላይ ግን ሳይቆረጥ ከታችኛው ከንፈር ጋር ይገናኛል። የእርስዎ አልተቆረጠም።

ከዚያ ይገልብጡትና እምብርቱን ይፈልጉ። ከሥር ቀዳዳ አለው? ሰፊ ነው ወይስ ከንፈሩ የሸፈነው? የላይኛውን ገጽ ደግሞ ብርሃን ላይ አዘንብለው ይዩ፤ ለስላሳ ነው፣ ሽንሽን አለው፣ ወይስ ጠብጠብ ያለ ነው? አፉ ክብ ሆኖ ክዳን ያለው ካገኙ ለብቻው ያስቀምጡት፤ ከሌሎቹ በጣም የራቀ ዘመድ ነው። ስስ፣ ጠፍጣፋና ብርሃን የሚያሳልፉትም ለብቻ ይሁኑ። በጥንቃቄ ካልያዟቸው ይሰበራሉ።

ልኬቱ ቀላል ነው። በካሊፐር ቁመቱንና ስፋቱን በሚሊሜትር ይጻፉ። ቁመቱን ለስፋቱ ያካፍሉ። ሾጣጣውንና ጠፍጣፋውን ያለ ክርክር የሚለየው ይህ ቁጥር ነው።

አንድ ነገር ግን ቅር አሰኝቶኛል፤ ልናገረው። ከወፍ ዋሻ የመጣውና ከሸዋ ሮቢት የተለቀመው አንድ ከረጢት ውስጥ ነው የተቀላቀለው። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር አካባቢ ያለች ቆላ ናት። ወፍ ዋሻ ደግሞ የጽድ፣ የዝግባና የኮሶ አገር፣ ብርድና ጉም ያለበት ነው። ቦታው ያልተጻፈበት ቅርፊት ግማሽ ዋጋውን አጥቷል። ለእያንዳንዱ ትንሽ ወረቀት ይጻፉለት፤ የት፣ መቼ፣ ከምን ሥር፣ ማን አገኘው። በእርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም ውኃ ሲነካው ሊፈስ ይችላል።

ቅርፊቱ ሁሉን እንደማይናገር ደግሞ ይወቁ። ቡርጊኛ የሚባል ፈረንሳዊ በ1883 እ.ኤ.አ. ስለ አገራችን ቀንድ አውጣዎች ጽፏል። ይህ ሰው ቅርፊት ላይ ባያት ጥቃቅን ልዩነት ሁሉ አዲስ ስም በማውጣት ይታወቃል። ኋላ የመጡ ሊቃውንት ከሰጣቸው ስሞች ብዙዎቹን መልሰው አንድ ላይ አድርገዋቸዋል። ያው ዝርያ ኖራ ባለበት አፈር ላይ ወፍሮ፣ ኖራ በሌለበት ሳስቶ ሊገኝ ይችላል። ለዚህ ነው ዛሬ የእንስሳውን የውስጥ አካልና ዲኤንኤውን አይተው የሚወስኑት። ለትምህርት ቤት ክበብ ግን ቤተሰቡንና ወገኑን ለይቶ መቆም በቂ ነው። የዝርያ ስም ካልሰጠን ብለው አይጨነቁ። በሕይወት ያለውንም አትግደሉ፤ ባዶው ይበቃችኋል። ከለቀማ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አንኮበር የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ወንዝ ዳር ያገኘሁት ትንሽ ቅርፊት አፉ በግራ በኩል ነው። የሌሎቹ ሁሉ በቀኝ ነው። ሌላ ዝርያ ነው ማለት ነው? ፎቶውን ልኬያለሁ።

መልስ፦ ልጄ፣ ጎሽ! ብዙ ሰው ይህን አያስተውልም። መጀመሪያ አንድ ነገር አጣራልኝ፤ ፎቶውን በስልክህ የፊት ካሜራ አንስተኸው ከሆነ አንዳንድ ስልክ ግራና ቀኙን ይገለብጠዋል። ቅርፊቱን በእጅህ ይዘህ እንደገና እይ።

አሁንም በግራ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። «ወንዝ ዳር» ስላልክ የመጀመሪያው ግምቴ የውኃ ቀንድ አውጣ ነው። ቡሊነስ የሚባለው አፉ ሁልጊዜ በግራ ነው። ቡሊነስ አንዱን የቢልሃርዚያ ዓይነት ያስተላልፋል፤ ባዮምፋላሪያ የሚባለው ጠፍጣፋው ደግሞ ሌላውን። ባዶው ቅርፊት አይጎዳህም። ግን ሌላ ለመፈለግ ባዶ እግርህን ውኃው ውስጥ አትግባ፤ የቢልሃርዚያው ትል በቆዳ ነው የሚገባው።

የየብስ ከሆነ ደግሞ ወይ ዝርያው ራሱ ግራ ነው፣ ወይ ከቀኞች መሐል በግራ የተወለደ አንድ ብርቅ ነው። እንግሊዝ አገር በ2016 እ.ኤ.አ. ጀረሚ የተባለ እንዲህ ያለ ቀንድ አውጣ ተገኝቶ ነበር። ከቀኞቹ ጋር መገናኘት ስላልቻለ ሌሎች ግራዎች ተፈለጉለት። የወለዳቸው ልጆች ግን ሁሉም ቀኝ ሆኑ። ስለዚህ አንድ ቅርፊት ብቻ ይዘህ «ሌላ ዝርያ ነው» አትበል። እዚያው ቦታ ሌላ ግራ ካገኘህ ያኔ ጻፍልኝ።

ያለህበት ቦታ ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለም። በ1841 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ አንኮበር ሲመጣ፣ አብሮት ዮሐንስ ሮት የሚባል ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበረ። ሮት ከዚያ ሁለት ዓመት አስቀድሞ ስለ ቀንድ አውጣና ስለ ዘመዶቹ ጽፎ ያሳተመ ሰው ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ገበሬ ነኝ፣ ከአጣዬ። በበጋ ድንጋይ ሥር የማገኘው ቀንድ አውጣ አፉ በነጭ ስስ ነገር ተደፍኗል። ሞቷል? ወይስ ያ ክዳን የሚሉት ነው?

መልስ፦ ወንድም ዓለም፣ አልሞተም፤ ተኝቷል። ያ ነጭ ነገር ከራሱ ዝልግልግ ፈሳሽ የደረቀ ሽፋን ነው። እርጥበቱ እንዳያመልጥ ደፍኖ ዝናብ ይጠብቃል። እውነተኛ ክዳን ጠንካራ ነው፤ ከእግሩ ጋር ተያይዞ ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ይኖራል። ይህኛው ግን ዝናብ ሲመጣ ተጥሎ ይቀራል። ድንጋዩን ቀስ አድርገው ይመልሱለት።