መጥፎውን ወሬ ቀድማችሁ ስሙ፦ ለአዲስ ቲም ሊዶች

ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣

ብዙዎቻችሁ በቅርቡ ቲም ሊድ ሆናችኋል። እንኳን ደስ አላችሁ። የተመረጣችሁት ኮድ ስለምትችሉ ነው። ከባዱን ባግ (የኮድ ስህተት) የምታገኙት፣ ዳታቤዙ ሲንቀራፈፍ የምትጠሩት እናንተ ነበራችሁ። አሁን ሰዎች ተሰጥተዋችኋል። ሰው መምራትን ግን ማንም አላስተማራችሁም። ዩኒቨርሲቲ አልጎሪዝም ተምራችኋል። ሥራው ሁለት ሳምንት እንደሚዘገይ ለአለቃ እንዴት እንደሚነገር ግን የተሰጠ ኮርስ የለም።

እኔ በዚህ ሙያ አርጅቻለሁ ማለት ይቻላል። የኖርኩት በባንክና በክፍያ ሲስተሞች ላይ ነው። ቡድን ሲያድግም ሲፈርስም አይቻለሁ። ብዙ ምክር ልደረድርላችሁ እችል ነበር፤ አንዱን ግን አጥብቄ ልንገራችሁ። የቲም ሊድ ዋና ሥራ መጥፎ ወሬ ሳይረፍድ እንዲደርሰው ማድረግ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ለምን ይህን አስቀደምኩ? ሶፍትዌር በዓይን አይታይም። ሕንፃ ቢሆን ስንተኛ ፎቅ እንደደረሰ ከመንገድ ላይ ቆማችሁ ትቆጥራላችሁ። ኮድ የት እንደደረሰ የሚያውቀው ግን የሚጽፈው ሰው ነው። እሱ ካልነገራችሁ አታውቁም። እኛ ደግሞ ያደግነው «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እየተባልን ነው። ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ «አልገባኝም» ያለ ልጅ ሲሳቅበት አይተናል። ያ ልጅ ዛሬ ቡድናችሁ ውስጥ ተቀምጧል። ዝም ስላለ ሁሉ ሰላም ነው ብላችሁ አትመኑ።

የጠዋቱን ስታንድአፕ፣ ማለትም እያንዳንዱ ሥራው የት እንደደረሰ የሚናገርበትን አጭር ስብሰባ አስቡት። አንዷ ልጅ የክፍያ ኢንቴግሬሽን (ሲስተማችሁን ከአንድ የክፍያ ድርጅት ሲስተም ጋር ማገናኘት) ይዛለች እንበል። ሰኞ «እየሠራሁት ነው» ትላለች። ማክሰኞ «ሊያልቅ ነው»። ረቡዕ «ትንሽ ነው የቀረኝ»። ሐሙስም ያው ትንሽ ነው። አንዳንዱ ሊድ ይህን ሰምቶ ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋል። ቁጡው ደግሞ በሰው ፊት «እስካሁን?» ይላል። ሁለቱም ምንም አያገኙም።

የሚሻለው ስታንድአፑ ሲያልቅ ወንበር ስቦ አጠገቧ መቀመጥ ነው። «እስቲ ያለሽበትን አሳዪኝ» በሏት። ስክሪኗን ስታሳያችሁ ነገሩ ይወጣል። የእሷ ኮድ ካለቀ ቆይቷል። «ክፍያው ተጠናቋል» የሚለው መልእክት ነው ከወዲያኛው ድርጅት ሰርቨር ተመልሶ የማይመጣው። ድርጅቱ የሰጣት የቴስት ቁልፍ (ለሙከራ የሚያስገባ የይለፍ ኮድ) ጊዜው አልፎበታል። አዲስ እንዲላክላት ኢሜይል ጽፋለች፤ መልስ የለም። ደውላለች፤ «ማህተም ያለው ደብዳቤ አምጡ» ተብላለች። ደብዳቤ ማስጻፍ የእሷ ሥራ አልመሰላትም። እናንተን ማስቸገሩም ይሉኝታ አስያዛት። አራት ቀን እንዲህ ሄደ።

ከዚህ በኋላ ሥራው የእናንተ ነው። ደብዳቤውን አስጽፉ፣ አስፈርሙ፣ ካስፈለገ ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። «ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?» ብላችሁ አታፋጥጧት። ይልቅ በማግስቱ ስታንድአፕ ላይ «ቁልፉ ጊዜው ማለፉን ስለነገረችን ደብዳቤው ትናንት ወጥቷል» በሉ። ሌሎቹ ይሰማሉ። ችግሩን የተናገረ ሰው እንደሚታገዝ በዓይናቸው ያያሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላው ልጅ ሐሙስን ሳይጠብቅ ሰኞ ይነግራችኋል።

ጥያቄያችሁንም ቀይሩ። «ስንት ፐርሰንት ደረሰ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ሁልጊዜ 90 ነው። «ዛሬ ማታ ለደንበኛ ብንለቀው መጀመሪያ የሚበላሸው የቱ ነው?» በሉ። «አሁን ከማን ምን እየጠበቅክ ነው?» በሉ። ለእነዚህ «ደህና ነው» የሚል መልስ አይሆንም። ሰውየው የግድ ስለ ሥራው ማሰብ ይጀምራል።

ወደ ስህተት ልምጣ። እዚህ ላይ ነው ቡድን የሚለየው። የጊትላብን (ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት) ታሪክ የማታውቁ ካላችሁ ፈልጋችሁ አንብቡት፤ ድርጅቱ ራሱ አንድ በአንድ ዘርዝሮ አውጥቶታል። ቀኑ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ነው፤ ሰዓቱ መሽቷል። ዳታቤዙ ጫና በዝቶበት ተጠባባቂው ዳታቤዝ ከዋናው ጋር እኩል መሄድ አቅቶታል። አንድ ኢንጂነር የተጠባባቂውን ፎልደር አጥፍቶ እንደ አዲስ ሊያስጀምረው ፈለገ። ትእዛዙን የሰጠው ግን ዋናው ሰርቨር ላይ ነበር። በሴኮንዶች ውስጥ ነቅቶ አቋረጠው። ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ጊጋባይት ያህል ነው።

ወደ ባካፕ (የዳታው መጠባበቂያ ቅጂ) ሮጡ። በየቀኑ ይወሰዳል የተባለው ባካፕ የለም። ባካፕ የሚወስደው ፕሮግራም ቨርዥኑ ከዳታቤዙ ቨርዥን ጋር ስለማይገጥም ሥራው ሲከሽፍ ከርሟል። «አልተሳካም» የሚል ኢሜይል በየጊዜው ይላክ ነበር፤ ተቀባዩ ሰርቨር እየመለሰው ግን ማንም አላየውም። ወሬው ተልኳል፤ አልደረሰም። በመጨረሻ ያተረፋቸው ከ6 ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ሥራ ተብሎ በእጅ የተወሰደ ቅጂ ነው። ቅጂውን የወሰደውም ያው ዳታውን ያጠፋው ኢንጂነር ነበር። አገልግሎቱ ለ18 ሰዓት ያህል ቆመ። የ6 ሰዓት ያህል ዳታ ጠፍቶ ቀረ።

አሁን መሪዎቹ ያደረጉትን እዩ። ሲስተሙን ሲያስነሱ የሚጽፉትን ማስታወሻ ለሕዝብ ክፍት አደረጉት። ሥራውን በዩቲዩብ በቀጥታ አስተላለፉት። በኋላ ባወጡት ዘገባ የሰውየውን ጥፋት አላገነኑም። «ለምን?» እያሉ ወደ ታች ወረዱ። ባካፑ ለምን አልሠራም? አለመሥራቱን ለምን ማንም አላወቀም? ለምን በየጊዜው ተሞክሮ አልታየም? የመጨረሻው መልሳቸው አጭር ነበር፤ ይህን ሥራ በኃላፊነት የያዘው ሰው አልነበረም። ይህን ያገኘ ቡድን ነገ የሚያስተካክለው ነገር አለው።

እኛ ጋ ብዙ ጊዜ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ስብሰባ ይጠራል። የመጀመሪያው ጥያቄ «ማነው ያጠፋው?» ነው። አንድ ልጅ አንገቱን ይደፋል፤ ደብዳቤ ይጻፍበታል። ነገሩ እዚያ የሚያበቃ ይመስላል። ስድስት ሰው ግን ይህን አይቷል። ከስድስቱ አንዱ በሌላ ቀን ፕሮዳክሽን (ደንበኛ የሚጠቀምበት ዋናው ሲስተም) ላይ ሲሳሳት ወደ እናንተ አይደውልም። ብቻውን በዝምታ ሊያስተካክል ሁለት ሰዓት ይታገላል። ከብልሽቱ ይልቅ የሚጎዳችሁ ይህ ሁለት ሰዓት ነው። ስለዚህ እባካችሁ፣ ስህተት በተፈጠረ ቀን ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። መጀመሪያ ሲስተሙን አስነሱ። ልጁን ምሳ ብላ፣ እረፍ በሉት። ምርመራው ነገ ይደርሳል። በነገራችን ላይ፣ «ባካፕ አለን» የምትሉ ሁሉ ባካፑን መልሳችሁ ዳታ አውጥታችሁበት የምታውቁት መቼ ነው? ካላደረጋችሁት በዚህ ሳምንት አድርጉት።

አገር ውስጥም የሁላችንም ትዝታ የሆነ ሌሊት አለ። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ፣ 2016 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ ችግር ተፈጥሮ ደንበኞች ሒሳባቸው ላይ ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በሌሊት በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ በስልክ ተዛመተ። ኤቲኤም ፊት ሰልፍ ተሠራ። ግብይቱን ለማስቆም ሰዓታት ፈጀ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ ገልጾ ገንዘቡን ለማስመለስ ብዙ ደከመ። ይህን ያነሳሁት ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ገንዘብ የሚነካ ሲስተም የሚሠራ ቡድን ሁሉ ከዚያ ሌሊት በኋላ አንድ ጥያቄ ራሱን መጠየቅ ስላለበት ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ተረኛው ጀማሪ ልጅ ግራፉ ላይ ያላማረው ነገር ቢያይ፣ አገልግሎቱን ለማቆም ሥልጣን አለው?

ብዙ ቦታ መልሱ «ለአለቃው ይደውላል» ነው። አለቃው ተኝቷል። ልጁ የአለቃን እንቅልፍ መቀስቀስ ይፈራል። ስለዚህ ሥልጣኑን በጽሑፍ ስጡት። ምን ሲያይ ማቆም እንደሚችል፣ ከዚያ ለማን እንደሚደውል አስቀምጡለት። አንድ ቀን በከንቱ ያቆመዋል፤ ይህ አይቀርም። ያን ቀን ጠዋት የምትሉት ቃል ከመመሪያው ይበልጣል። ከልባችሁ «ጥሩ አደረግክ» በሉት። ከአለቆች የሚመጣውን ቁጣ እናንተ ተቀበሉ።

እስካሁን ያልኩት ከበታች ስለሚመጣው ወሬ ነው። ወደ ላይ የምታደርሱት ደግሞ አለ፤ ይህኛው ለብዙዎቻችሁ የባሰ ይከብዳል። ሥራው ዘግይቷል። አለቃችሁ «ሰው ልጨምርላችሁ?» ይላል። አምኖበት፣ ለመርዳት ብሎ ነው። እሺ ብሎ መውጣት ቀላል ነው። ግን በ1960ዎቹ የአይቢኤምን ኦኤስ/360 (የኮምፒውተር ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ሥራ የመሩት ፍሬድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1975 የጻፉትን አስታውሱ፤ በዘገየ ሶፍትዌር ላይ ሰው ሲጨመር ይብሱን ይዘገያል። ምክንያቱ ድብቅ አይደለም። አዲሱን ሰው የሚያስተምረው ያው ሥራ የበዛበት ነባሩ ነው። መነጋገሪያውም ይበዛል። 5 ሰው ውስጥ ሁለት ሁለት እየሆኑ የሚነጋገሩ 10 ጥንዶች አሉ። 10 ሰው ሲሆኑ ጥንዶቹ 45 ይሆናሉ።

ለአለቃችሁ ይህን ቁጥር በወረቀት ላይ አሳዩት። ከዚያ ባዶ እጃችሁን አትቅረቡ። «በተባለው ቀን እነዚህን ሦስቱን እናደርሳለን፤ ሪፖርቱና የሞባይሉ ገጽ በሚቀጥለው ወር ይመጣሉ» በሉት። ሰው በምርጫ ላይ መወሰን ይችላል። በዋዜማው የተነገረው አለቃ ግን የሚመርጠው ነገር የለውም፤ ይናደዳል፣ ቢናደድም እውነት አለው። ዴድላይን እንደማይደርስ ባወቃችሁ ቀን ተናገሩ። ፊቱ ቢጠቁርም ታገሡት።

ዕድሜን በተመለከተ ትንሽ ልጨምር። አንዳንዶቻችሁ በዕድሜ የሚበልጧችሁን ሰዎች ትመራላችሁ። አንቱታውን አትተዉ፤ ሥልጣናችሁን አይቀንስም። እሳቸው የሠሩት ኮድ ላይ ችግር ካያችሁ ስብሰባ ላይ አታንሱት። ቀደም ብላችሁ ለብቻ ሂዱና «ጋሼ፣ ይህ ቦታ እንዲህ የሆነው በምን ምክንያት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ በሰነድ ያልተጻፈ፣ በ2005 ዓ.ም. የተፈጠረ አንድ ምክንያት ይነገራችኋል። ምክንያቱ ዛሬ የማይሠራ ከሆነም ራሳቸው ስብሰባው ላይ ያነሱታል።

ለጀማሪዎችም በኮድ ሪቪው (አንዱ የጻፈውን ኮድ ሌላው አንብቦ አስተያየት ሲሰጥበት) ላይ ያው ጥንቃቄ ይደረግ። «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ መጻፍ አንድ ሴኮንድ ይወስዳል። ልጁ ግን ከዚያ በኋላ ሥራውን ሳይጨርስ ሊያሳያችሁ አይደፍርም። ሁለት ሺህ መስመር ካጠራቀመ በኋላ ያመጣዋል፤ ያኔ ማንም በደንብ አያነበውም።

በመጨረሻ ስለሚለቁ ሰዎች። ይሄዳሉ። አንዱ ለውጭ ድርጅት በሪሞት በዶላር ይቀጠራል፣ አንዷ ለማስተርስ አውሮፓ ትሄዳለች፣ ሌላው ዲሲ ያሉ ዘመዶቹ ጋ ይገባል። እንደ ክህደት አትዩት። በእናንተ ዕድሜ እኔም ብሆን ደመወዙን አስልቼ ነበር የምወስነው። የሚያሳዝነው ብዙዎቹ የሚነግሩን በመጨረሻው ሳምንት መሆኑ ነው። ቀድሞ የነገረ ሰው ሲገለል፣ ከስብሰባ ሲቀር፣ ጭማሪው ሲከለከል አይተዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሰው «ልለቅ ነው» ሲላችሁ የምታሳዩት ፊት፣ ሁለተኛው ሰው መቼ እንደሚነግራችሁ ይወስናል። «እንኳን ደስ አለህ» በሉት፣ ከልባችሁ። የሥራ ልምድ ደብዳቤውን ሳይለምን ስጡት።

ቀሪ ሳምንታቱን አዲስ ሥራ አትጫኑበት። ተተኪዋን አሁኑኑ ምረጡ። የርክክብ ሰነዱን የምትጽፈው እሷ ትሁን፤ እሱ እያነበበ ያርም። የሚያውቅ ሰው ሲጽፍ ለእሱ ግልጽ የሆነውን ይዘላል፤ የማታውቀዋ ግን የምትፈልገውን ትጠይቃለች። ፓስወርዶቹ፣ የሰርቨሩና የዶሜይኑ ክፍያ በማን ስም እንደሆነ፣ በወር መጨረሻ በእጅ የሚሠራው ሥራ፣ ወዲያኛው ድርጅት ውስጥ ስልክ የሚያነሳው ሰው ማን እንደሆነ ይጻፍ። ሊወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ተተኪዋ አዲሱን ቨርዥን ብቻዋን ወደ ፕሮዳክሽን ታውጣው። እሱ ከኋላዋ ይቀመጥ፤ እስክትጠይቀው ድረስ ኪቦርዱን አይንካ። የቆመችበትን ቦታ ሁሉ ሰነዱ ላይ ጨምሩት፤ ከዚያ በሳምንቱ እንደገና ታድርገው።